የአባ ሰንጋ መርዝ የደምን ዘበኞች እንዴት እንደሚያሰናክልና ሹማምንት በጊዜው ሊያደርጉት ስለሚገባው ነገር

ማታ በደኅና ከመስክ የገባ በሬ ጧት በበረቱ ሞቶ የተገኘ እንደ ሆነ፥ ሰው ሁሉ እንደየግምቱ ይናገራል። አንዱ እባብ ነደፈው ይላል፤ ሁለተኛው ክፉ ሣር በላ ይላል፤ ሦስተኛውም የሰው ዐይን ነው ይላል። ነገር ግን ከአፍንጫው፥ ከአፉና ከኋላው የማይረጋ ጥቁር ደም የወረደ፥ ሆዱም ፈጥኖ የተነፋ፥ ሰውነቱም እንደ ሌላ በድን ያልደረቀ እንደ ሆነ፥ ከሁሉ አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው አባ ሰንጋ የሚባለው በሽታ ነው።

በዚህ በሽታ የሞተ ከብት እንዳይታረድ፥ ቆዳው እንዳይገፈፍ፥ ሥጋውም እንዳይበላ ማዘዝ የሹም ሥራ ነው። ዳሩ ግን አንድ በሬ ብቻ ላለው ገበሬ ይህ ትእዛዝ በጉዳት ላይ ጉዳት መስሎ ይታየዋል። ምክንያቱን ሳያውቅ የሚያዝ ሹም ትእዛዙ እንደ ጭካኔ ይቆጠርበታል፤ ምክንያቱን አውቆ የሚያስረዳ ግን ይሰማል። ስለዚህ ብርቱው በሬ እንደዚህ በድንገት የሚወድቅበት፥ ምልክቱ ከታየም በኋላ መድኃኒት ብዙ ጊዜ የማይደርስበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ ከዚህ ቀጥሎ ይገለጣል። የሚነገሩትም ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ደም ዘበኞችና ስለ ቁስል መቆጣት

የሰውም ሆነ የእንስሳ አካል ሕዋስ ከሚባሉ እጅግ ረቂቅ ክፍሎች የተሠራ ነው። ከእነዚህም መካከል ነጫጭ የደም ሕዋሳት የሚባሉት እንደ ዘበኛ ናቸው። ከፊሎቹ በደም ውስጥ ይዘዋወራሉ፤ ከፊሎቹም በቆዳ፥ በሳንባና በአንጀት ግድግዳ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ከውጭ የገባውን ረቂቅ ጠላት ሲያገኙ ከብበው ይውጡታል፥ ውጠውም ያቀልጡታል።

ይህን ሥራቸውን አስቀድሞ ያስረዳ ኢልያ ሜችኒኮፍ የሚባል የሩሲያ ሊቅ ነው። እርሱም በ1882 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር በመሲና ከተማ ሳለ፥ አካሉ እንደ መስተዋት በሚያሳይ በትንሽ የባሕር እንስሳ ላይ እሾህ ቢወጋ፥ ተንቀሳቃሾቹ ሕዋሳት እሾሁን ከብበውት አገኘ። በ1908 ዓ.ም. ስለዚህ ሥራው ከፓውል ኤርሊኽ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ።

እሾህ የወጋው እግር ይቀላል፥ ይሞቃል፥ ያብጣል፥ ያማልም። ሕዝቡ ይህን ሲያይ «ቁስሉ ተቆጣ» ይላል፤ ሐኪሞች ደግሞ ብግነት ይሉታል። ነገሩም እንዲህ ነው። በስፍራው የነበሩት ዘበኞች ጠላት መግባቱን ባወቁ ጊዜ መልእክት የሚያደርስ ረቂቅ ነገር ያፈስሳሉ። በዚህ ምክንያት የደም ሥሮች ይሰፋሉ፥ ግድግዳቸውም ይላላል፤ ውኃና ሌሎች ዘበኞች ከደም ወጥተው ወደ ቁስሉ ይሰበሰባሉ። እንግዲህ መቆጣት ሕመም ቢሆንም ለጠላት የሚነፋ የክተት ነጋሪት ነው ማለት ነው።

ነገር ግን ይህ ነጋሪት በልክ ሊመታ ይገባዋል። የአንዳንድ ባክቴሪያ መርዝ ነጋሪቱን ከልክ በላይ ያስመታዋል። ለምሳሌ ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ የላምን ጡት በያዘ ጊዜ፥ ከልባሱ የሚወጣው ኤንዶቶክሲን የሚባል መርዝ ዘበኞቹን እጅግ ያስቆጣቸዋል፤ ጡቱ ይጋላል፥ ወተቱ እንደ ውኃ ይቀጥናል፥ ላሚቱም በትኩሳት ትወድቃለች። በዚህ ጊዜ ላሚቱን የሚጐዳት የባክቴሪያው ሥራ ብቻ ሳይሆን የገዛ አካልዋ ቍጣ ጭምር ነው። የአባ ሰንጋ መርዝ ግን በመጀመሪያ የሚሠራው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ነጋሪቱ እንዳይመታ መቺውን ያስራል።

ስለ አባ ሰንጋ ባክቴሪያና ስለ ዘሩ

የአባ ሰንጋ ባክቴሪያ በአጉሊ መነጽር ሲታይ እንደ በትር ቀጥ ያለ ነው። በ1876 ዓ.ም. ሮበርት ኮኽ የሚባል የጀርመን ሐኪም የዚህን ባክቴሪያ አኗኗር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መርምሮ በሽታውን የሚያመጣው እርሱ መሆኑን አስረዳ። ባክቴሪያው ከእንስሳው ደም ወጥቶ ነፋስ ባገኘው ጊዜ ጠንካራ ልባስ ለብሶ እንደ ደረቅ ዘር ይሆናል፤ ይህም ስፖር ይባላል። ዘሩም በአፈር ውስጥ ፀሐይና ድርቅ ሳያጠፋው ብዙ ዐሥር ዓመታት ይቆያል። ሣር ሲያጥርና ከብት አፈር እየላሰ ሲግጥ፥ ወይም ጐርፍ አሮጌውን መቃብር በገለጠው ጊዜ፥ ዘሩ ወደ ከብቱ አፍ ይገባል።

ዘሩ በገባ ጊዜ ዘበኞቹ እንደ ልማዳቸው ይውጡታል። ዳሩ ግን ሁሉንም ማጥፋት አይችሉም፤ የተረፈው በሆዳቸው ሳለ ይበቅላል፥ ወደ ንፍፊቶችም ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ባክቴሪያው ሁለት መሣሪያ ያወጣል። አንዱ ዘበኞች እንዳይውጡት የሚሸፍነው ለስላሳ ልባስ ነው፤ ሁለተኛውም መርዙ ነው።

መርዙ ዘበኞቹን የሚያሰናክልበት መንገድ

ብዙ ዘመን ሊቃውንቱ ይህ በሽታ የሚገድለው ባክቴሪያው እጅግ በዝቶ የደምን መንገድ ስለሚዘጋ ይመስላቸው ነበር። ነገር ግን በ1954 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ሃሪ ስሚዝና ጄምስ ኬፒ የሚባሉ ሊቃውንት በአባ ሰንጋ ሊሞቱ ከቀረቡ እንስሳት ደም ወስደው ባክቴሪያውን ሁሉ ካስወገዱ በኋላ፥ የቀረው ፈሳሽ ብቻውን ቆዳን የሚያሳብጥና እንስሳን የሚገድል ሆኖ አገኙት። መርዝ መኖሩ በዚህ ታወቀ።

በኋላም መርዙ ሦስት ክፍል እንዳለው ተገለጠ። አንደኛው በር ከፋች ነው፤ ሁለተኛው ቆራጭ ነው፤ ሦስተኛው አሳባጭ ነው። እያንዳንዱ ብቻውን ሲሆን አይጐዳም። በር ከፋቹ ከቆራጩ ወይም ከአሳባጩ ጋር በተባበረ ጊዜ ግን ጥፋት ይሆናል።

የሥራቸው ሥርዐት እንደዚህ ነው። በር ከፋቹ በሕዋሱ ቆዳ ላይ በሚገኝ ተቀባይ ላይ ይጣበቃል። በዚያም የአካሉ የገዛ ራሱ መቍረጫ ቅመም ጫፉን ይቈርጥለታል፤ የቀሩትም ሰባት እየሆኑ ተያይዘው ቀለበት ይሠራሉ። ቆራጩና አሳባጩ በዚህ ቀለበት ላይ ይሳፈራሉ። ሕዋሱም ምግብ የመጣለት መስሎት ሁሉንም ወደ ውስጥ ይስባቸዋል። በውስጥ ያለው ኮምጣጣ ፈሳሽ በነካው ጊዜ ቀለበቱ እንደ ቧንቧ ሆኖ ግድግዳውን ይበሳል፤ ሁለቱም በዚያ አልፈው ወደ ሕዋሱ እልፍኝ ይገባሉ።

ቆራጩ ከገባ በኋላ የሚሠራው በ1998 ዓ.ም. ታወቀ። በሕዋስ ውስጥ ትእዛዝ ከደጅ እስከ እልፍኝ የሚያደርሱ መልእክተኞች አሉ፤ ቆራጩም እነዚህን መልእክተኞች ይቈርጣቸዋል። ትእዛዙ ሳይደርስ ስለሚቀር ዘበኛው ጠላት በፊቱ ቆሞ እያለ የክተት ነጋሪቱን በሚገባ መምታት ያቅተዋል። በአንዳንድ የአይጥ ዝርያዎች ደግሞ ይኸው ቆራጭ በዘበኛው ውስጥ ያለውን ሌላ የማስጠንቀቂያ ደወል ስለሚነካው፥ ሕዋሱ ብግነት የሚያስነሣውን ነገር አፍስሶ ራሱ ፈንድቶ ይሞታል። ስለዚህ የአንድ መርዝ ሥራ እንደ እንስሳው ዘርና እንደ ጊዜው ይለያያል።

የአሳባጩን ሥራ በ1982 ዓ.ም. እስቲቨን ሌፕላ የሚባል የአሜሪካ ሊቅ ገለጠው። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ሳይክሊክ ኤ.ኤም.ፒ. የሚባል፥ በጥቂቱ ሲሆን የሚጠቅም መልእክት አድራሽ ነገር አለ። አሳባጩ ይህን ነገር ከልክ በላይ ያበዛዋል። በዚህም ምክንያት ውኃ ከስፍራው ወጥቶ በሥጋና በቆዳ መካከል ይጠራቀማል፤ ዘበኞቹም እንደ ሰከረ ሰው ሆነው ጠላትን የመዋጥ ኀይላቸው ይደክማል። እንግዲህ በአባ ሰንጋ የሚታየው እብጠት ዘበኞች የተሰበሰቡበት የደኅና ቍጣ ሳይሆን ውኃ ብቻ የሞላበት ባዶ ሰፈር ነው ማለት ይቻላል።

መርዙ አስቀድሞ የሚያጠቃው ዘበኞቹን መሆኑ በ2010 ዓ.ም. በወጣ ምርመራ ተረጋገጠ። ሊቃውንቱ የመርዙ ዋና ተቀባይ በነጭ ደም ሕዋሳታቸው ላይ ብቻ የሌላቸው አይጦች አዘጋጅተው የአባ ሰንጋን ዘር ሰጧቸው፤ አይጦቹም በሽታውን ተቋቁመው ዳኑ። ዘበኛው ካልታሰረ ሌባው ቤቱን መዝረፍ እንደማይችል ከዚህ ይታያል።

ዘበኞቹ ከታሰሩ በኋላ ግን ባክቴሪያው ያለ ከልካይ ይበዛል። እንስሳው በሚሞትበት ሰዓት በአንድ ጠብታ ደም ውስጥ በሚሊዮን የሚቈጠር ባክቴሪያ ይገኛል። መርዙም በዚያን ጊዜ ከዘበኞች አልፎ ወደ ሌላው አካል ይደርሳል፤ በ2013 ዓ.ም. በአይጦች ላይ የተደረገ ምርመራ ቆራጩ ልብንና የደም ሥርን፥ አሳባጩም ጉበትን እየጐዳ እንደሚገድል አስረድቷል።

በሬው እስከ መጨረሻው ሰዓት ሣር ሲግጥ መታየቱ፥ ከዚያም በጥቂት ሰዓት ውስጥ መውደቁ ከዚህ የተነሣ ነው። የሚጮኸው ዘበኛ ስለ ታሰረ ቤተ ሰቡ ሳይነቃ ቤቱ ተዘረፈ። ስሚዝና ኬፒ ከባልንጀሮቻቸው ጋር በሠሩት ምርመራ ደግሞ፥ ባክቴሪያው በደም ውስጥ ከአንድ ልክ ካለፈ በኋላ በመድኃኒት ቢጠፋ እንኳ እንስሳው ከሞት አልዳነም፤ መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ገደለ እንጂ አስቀድሞ የፈሰሰውን መርዝ አላጠፋምና። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይህን ይመስላል።

በሰው ላይ ስለሚታየው ምልክት

ሊሞት የቀረበ በሬ ቶሎ ታርዶ ሥጋው በቅርጫ የተከፋፈለ እንደ ሆነ፥ በሽታው ከበሬው ወደ አራጁ፥ ወደ ገፋፊውና ወደ በላተኛው ይተላለፋል። በእጅ ወይም በፊት ላይ መጀመሪያ የሚያሳክክ ትንሽ ብጉር ይወጣል፤ ብጉሩ ውኃ ይቋጥራል፥ በኋላም መካከሉ እንደ ከሰል ይጠቁራል፤ ዙሪያውም እጅግ ያብጣል። አውሮፓውያን በሽታውን አንትራክስ ብለው የጠሩት በግሪክ ቋንቋ ከሰል ማለት ስለ ሆነ ነው።

የዚህ ቁስል ልዩ ምልክቱ እንዲህ አብጦና ጠቁሮ ሳለ አለማመሙ ነው። ስላላመመው ሰውየው ይንቀዋል፥ ሐኪምም ሳያይ ይቀራል። ያልታከመ እንደ ሆነ በቆዳ ላይ ከሚወጣው ከዚህ ዐይነት ከ100 ሕመምተኞች እስከ 20 ድረስ ይሞታሉ፤ በጊዜው የታከመ ግን ከሞት የሚያደርሰው እጅግ ጥቂት ነው። ሥጋውን በልቶ ሆዱን የታመመ ሰው ደግሞ ከዚህ የበለጠ አደጋ አለበት። ቁስሉን በጋለ ብረት መተኰስ ወይም በምላጭ መብጣት ይጐዳል እንጂ አይጠቅምም።

ክትባት ስለሚጠቅምበት ምክንያት

በ1881 ዓ.ም. ሉዊ ፓስተር በፈረንሳይ አገር ፑዪ ለ ፎር በሚባል ስፍራ በብዙ ሰው ፊት ክትባቱን ፈተነ። 24 በጎች፥ 1 ፍየልና 6 ከብቶች ተከተቡ፤ ሌሎች እንስሳት ደግሞ ሳይከተቡ ቀሩ። በኋላ ለሁሉም ብርቱው ባክቴሪያ ተሰጣቸው። ሰኔ 2 ቀን ተመልካቾች በተሰበሰቡ ጊዜ ያልተከተቡት በጎች ከፊሎቹ ሞተው፥ የቀሩትም ሲሞቱ ታዩ፤ እስከ ማታም አንድ አልተረፈም። የተከተቡት በጎች ግን በደኅና ቆመው ተገኙ።

ዛሬ በብዙ አገር ለከብት የሚሰጠው ክትባት በ1930ዎቹ ዓመታት ማክስ ስተርን የሚባል ሐኪም በደቡብ አፍሪካ ካገኘው ዘር የተወሰደ ነው። ይህ ዘር የሚሸፍነውን ልባስ ያጣ ስለ ሆነ ዘበኞች በቀላሉ ያጠፉታል፤ መርዙን ግን በጥቂቱ ያወጣል። አካሉም በዚህ ጊዜ የበር ከፋቹን መልክ ያውቃል፥ እርሱንም የሚይዝ ፀረ መርዝ ያዘጋጃል። እውነተኛው ጠላት በመጣ ጊዜ በር ከፋቹ በደጅ ይያዛል፤ በር ካልተከፈተም ቆራጩና አሳባጩ ምንም ማድረግ አይችሉም። ይህ ዝግጅት ግን ቀናት ይፈልጋል፤ በሽታው የሚሰጠውም ጊዜ ሰዓታት ብቻ ነው። ስለዚህ ክትባት ሞት ከመጀመሩ በፊት እንጂ በኋላ የሚፈለግ ነገር አይደለም። በኢትዮጵያም የእንስሳት ክትባት በቢሾፍቱ ከተማ ይሠራል።

ሹማምንትና የከብት ጌቶች ሊያደርጉት ስለሚገባው ነገር

1ኛ፤ ከብት በድንገት የሞተ እንደ ሆነ በድኑ እንዳይከፈትና እንዳይገፈፍ ወዲያው ማዘዝ፥ ለእንስሳት ሐኪምም ማስታወቅ ይገባል። ባልተከፈተ በድን ውስጥ ባክቴሪያው ነፋስ አጥቶ በመበስበሱ ይሞታል፤ በድኑ በተከፈተ ጊዜ ግን ዘር ሆኖ በአፈር ይቀመጣል። ሐኪሙም ለምርመራ ከጆሮው የደም ሥር ጥቂት ደም ቢወስድ ይበቃዋል።

2ኛ፤ በድኑ በወደቀበት ስፍራ እንዲቃጠል፥ ማገዶ ያልተገኘ እንደ ሆነም ከወንዝና ከጕድጓድ ውኃ ርቆ ቢያንስ 2 ሜትር በሚጠልቅ ጕድጓድ፥ ደም ከነካው አፈር ጋር እንዲቀበር ያስፈልጋል። ውሻ፥ ጅብና አሞራ እንዳይደርሱበትም ይጠበቃል።

3ኛ፤ ሥጋውን ማፍላት ወይም ቋንጣ ማድረግ ይበቃል የሚለው አሳብ ከንቱ ነው፤ ዘሩ በድርቀት አይጠፋም፥ በወጥ መፍላትም አይታመንም። ቆዳውም ወደ ገበያ የወጣ እንደ ሆነ በሽታውን ወደ ሌላ ወረዳ ያደርሰዋል።

4ኛ፤ በሽታው በታየበት ቀበሌ ከብቱ ሁሉ በየዓመቱ፥ በሽታው ከሚነሣበት ወራት አስቀድሞ እንዲከተብ ማድረግ ይገባል። ክትባቱ ሕይወት ያለው ስለ ሆነ ባክቴሪያ ከሚገድል መድኃኒት ጋር በአንድ ጊዜ የተሰጠ እንደ ሆነ መድኃኒቱ ክትባቱን ያጠፋዋል፤ ስለዚህ ሁሉ በሐኪሙ ትእዛዝ ይሁን።

5ኛ፤ በድኑን የነካ ወይም ሥጋውን የበላ ሰው ሁሉ ሳይታመም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የማያም ጥቁር ቁስል ያለበትም አንድ ቀን አይቈይ።

ቸልታ ዋጋው ረጅም መሆኑን የሌላው አገር ነገር ያስረዳል። በእስኮትላንድ አጠገብ ግሩይናርድ በምትባል ደሴት በ1942 እና በ1943 ዓ.ም. ለጦር መሣሪያ ፈተና የአባ ሰንጋ ዘር ተበተነ፤ ደሴቲቱም በ1986 ዓ.ም. በብርቱ መድኃኒት እስክትታጠብ፥ በ1990 ዓ.ም.ም ንጹሕ ናት እስኪባል ድረስ ተዘግታ ኖረች። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በሩሲያ ሰሜን በያማል ምድር በሽታው ተነሥቶ ከ2,000 የሚበልጡ አጋዘኖችና አንድ የ12 ዓመት ልጅ ሞቱ፤ ለዚህም ምክንያት የሆነው በረዶ ሲቀልጥ ከአሮጌ በድን የወጣ ዘር እንደ ሆነ ሊቃውንት ገመቱ። በአንድ መስክ ላይ ዛሬ የሚገፈፍ በሬ ለልጅ ልጅ የሚቈይ መርዝ መዝራት ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሊረሳ የማይገባው ነገር የበሬው ባለቤት ነው። ሥጋውንና ቆዳውን ከተከለከለ በኋላ የሚያርስበት ሁሉ የጠፋበት ገበሬ፥ ሁለተኛ ጊዜ በሬ ሲሞትበት ነገሩን ሸሽጎ ሥጋውን በሌሊት ማከፋፈሉ አይቀርም። ሹሙ ከአገር ሽማግሎች ጋር ተመካክሮ፥ አንድ በሬ የቀረውን ከመሰሉ ጋር በመቀናጆ እንዲያርስ፥ ምንም ያልቀረውን ደግሞ ጎረቤቶቹ በወንፈል እንዲያርሱለት ያደረገ እንደ ሆነ፥ ደግሞም ባለ ብዙ ከብቱ ለክትባት የሚያስፈልገውን በመርዳት ቢያግዝ፥ ገበሬው በሽታውን ለመሸሸግ ምክንያት አይኖረውም። የባለጠጋውም መንጋ የሚጠበቀው በዚሁ ነው፤ በድሀው በረት የተሸሸገ በሽታ በባለጠጋው መስክ ይነሣልና።

በአካል ውስጥ ዘበኛው ከታሰረ ጠላት ያለ ጩኸት ይገባል። በወረዳም ውስጥ ገበሬው ሞትን ሳይፈራ እንዲያስታውቅ ካልተደረገ ነገሩ እንደዚሁ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፥ አስቀድሞ መከተብና የመጀመሪያውን ሞት ፈጥኖ ማስታወቅ ከብዙ መድኃኒት ይበልጣል።